የገበሬ ዝርዝር ሳይበላሽ በኤክሴል ማዋሃድ፦ ደረጃ በደረጃ

ከመሐል ሜዳ አንድ ፋይል ይመጣል። ከእነዋሪ ሌላ። ደነባ፣ ጫጫና አረርቲም ይልካሉ። ደብረ ብርሃን የተቀመጠው ሰው አምስቱን አንድ አድርጎ የማዳበሪያ ዝርዝር ማውጣት አለበት። የመጀመሪያውን ፋይል ሁለቴ ክሊክ ያደርጋል፤ ኮፒ ፔስት ይጀምራል። ስሙ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስልኩ ዜሮውን ይጥላል። ቀኑ ይዘበራረቃል። ማታ ድምሩን ሲያይ አይገጥምም።

ይህን ችግር ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙ ነው። መነሻው ሁሌም አንድ ነው፦ ኤክሴል ሳይጠየቅ ይገምታል፣ እኛም ዝም ብለን እናሳልፈዋለን። አሁን ግን ግምቱን የምናስቆምባቸው መንገዶች አሉ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ተከተሉ። አንድ ረድፍ ጠፋ ማለት አንድ ገበሬ ተራው ደርሶ «ስምህ የለም» ይባላል ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ኤክሴል 2016 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። በ2016ቱ ላይ «ዳታ» በሚለው ሜኑ ውስጥ «ኒው ኩዌሪ» የሚል ታገኛላችሁ። በአዲሶቹ ላይ ስሙ «ጌት ዳታ» ነው። ሥራው አንድ ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶም አዘጋጁ። ቀልድ አይደለም፤ ደረጃ 1 ላይ ትጽፉበታላችሁ፣ ደረጃ 9 ላይ ያድናችኋል።

ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው። መብራት በመሀል ሲሄድ የተከፈተ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ጥሬውን ፋይል አትንኩ

1. ሁለት ፎልደር ክፈቱ። አንዱን «ጥሬ»፣ ሌላውን «ሥራ» በሉት።
2. የመጡትን ፋይሎች በሙሉ «ጥሬ» ውስጥ አስገቡ። ከቴሌግራም በቀጥታ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ።
3. ኮፒ አድርጋችሁ «ሥራ» ውስጥ ፔስት አድርጉ። ከዚህ በኋላ «ጥሬ»ን አትነኩም።
4. «ሥራ» ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በወረዳው ከተማ ስም ጥሯቸው፦ እነዋሪ፣ ደነባ፣ ጫጫ፣ አረርቲ፣ መሐል ሜዳ። የፋይሉ ስም በኋላ እንደ ዓምድ ይመጣል፤ ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 7 ላይ ታያላችሁ።
5. እያንዳንዱን ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ማለት ነው) በኖትፓድ ክፈቱ። ኮንትሮልንና ኤንድን አብራችሁ ተጫኑ። ከታች ጠቋሚው ያለበት የመስመር ቁጥር ይታያል። ከዚያ ላይ ለርዕሱ 1 ቀንሱ። የመጨረሻው መስመር ባዶ ከሆነ ሌላ 1 ቀንሱ። ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ለምሳሌ እነዋሪ 212፣ ደነባ 187፣ መሐል ሜዳ 240፣ ጫጫ 96፣ አረርቲ 165። ድምሩ 900። ይህን ቁጥር አክብቡት። ላኪው የኩንታሉን ድምር ከነገራችሁ እሱንም ጻፉ፤ ካልነገራችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ኖትፓድን ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛው በስተቀኝ ከታች ያለው ጽሑፍ ነው፤ ፋይሉ ፊደሎቹን በየትኛው ኮድ እንደያዘ ይናገራል። «ዩቲኤፍ-8» ካለ ጥሩ። «ዩቲኤፍ-16» ካለ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ምርጫው ትንሽ ይለያል። አሮጌ ዊንዶውስ ላይ ይህ ጽሑፍ አይታይም፤ እለፉት።

ሁለተኛው ስሞቹ ናቸው። አማርኛው በደንብ ከተነበበ ቀጥሉ። በስም ፋንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን ቁሙ። ፋይሉ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ሞቷል። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ተቀይሮ ተቀምጧል፤ ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም። ላኪው ዋናውን እንዲልክ ጠይቁ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ሳስተካክል በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁ። በማግስቱ ስከፍተው ስም የሚባል የለም፣ ሁሉም የጥያቄ ምልክት ነው። ኮፒ አላስቀመጥኩም ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስሙን ከመዝገብ እንደገና በስልክ እየነገሩኝ ለሦስት ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ «ጥሬ» የሚል ፎልደር ሳልከፍት ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ደረጃ 2፦ የኤክሴልን ግምት አጥፉ

ይህ አዲስ ነገር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት 365 ላይ ወጣ። ብዙ ሰው ግን መኖሩን እንኳን አያውቅም።

1. «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ዳታ» ግቡ።
2. «አውቶማቲክ ዳታ ከንቨርዥን» የሚለውን ክፍል ፈልጉ።
3. አራቱ ዋና ምርጫዎች ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። የመጀመሪያው መነሻ ዜሮን የሚጥለው ነው። ሁለተኛው ረጅም ቁጥርን 15 አሃዝ ላይ የሚቆርጠው ነው። ሦስተኛው በቁጥር መሀል የገባችን የላቲን ኢ እንደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ የሚቆጥረው ነው። አራተኛው ፊደልና ቁጥር ሲቀላቀል ወደ ቀን የሚቀይረው ነው።
4. «ኦኬ» በሉ።

የእናንተ ኤክሴል ላይ ይህ ክፍል ከሌለ አትጨነቁ። ደረጃ 3 እና 4 ሥራውን ይሠሩላችኋል። ካለም እነሱን መዝለል አትችሉም፤ ምክንያቱም ይህ ምርጫ በቁጥር ብቻ የተጻፈን ቀን፣ ለምሳሌ 05/03/2017ን፣ ከመቀየር አይከለክልም።

ደረጃ 3፦ ፎልደሩን በሙሉ በአንዴ አስገቡ

ኮፒ ፔስት እርሱት። አምስት ፋይል ላይ አንድ ረድፍ መሳት ቀላል ነው፤ የሳቱትን ፈልጎ ማግኘት ግን ቀኑን ይበላል።

1. ባዶ ኤክሴል ክፈቱ። «ዳታ»፣ «ጌት ዳታ»፣ «ፍሮም ፋይል»፣ «ፍሮም ፎልደር» ሂዱ። «ሥራ» የሚለውን ፎልደር ምረጡ።
2. የፋይሎቹ ዝርዝር ይመጣል። አምስቱ መኖራቸውን ቁጠሩ። ሌላ የማታውቁት ፋይል ከገባ «ካንሰል» በሉና ከፎልደሩ አውጡት።
3. «ኮምባይን ኤንድ ትራንስፎርም ዳታ» ጫኑ።
4. በሚመጣው ሳጥን ላይ «ፋይል ኦሪጅን» የሚለውን ክፈቱና 65001 የሚለውን ምረጡ። ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው። ኖትፓድ ዩቲኤፍ-16 ብሎ ከነበረ 1200 ምረጡ።
5. «ዴሊሚተር» የሚለው ላይ ኮማ መመረጡን እዩ።
6. «ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን» የሚለው ላይ «ዱ ኖት ዲቴክት» የሚለውን ምረጡ። ይህን ካልነካችሁ ዜሮው እዚህ ይጠፋል።
7. «ኦኬ» በሉ።

ስሙ የማይነበብ ከሆነ

አናቷ ላይ ሰረዝ ያላት የላቲን ኤ እየተደጋገመች ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያዋ ባይት ደግሞ ሁሌም አንድ ናት። ኤክሴል ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ፊደል ሲያነብ ያቺ ኤ በእያንዳንዱ ፊደል መነሻ ላይ ብቅ ትላለች። «ከበደ» 3 ፊደል ነበር፤ 9 ምልክት ይሆናል።

ፋይሉ ገና አልተበላሸም፤ የተበላሸው ንባቡ ነው። ሴቭ አታድርጉ። ወደ ቁጥር 4 ተመለሱና 65001 ምረጡ።

ኤክሴሉን ዘግታችሁ ስትወጡ «ሴቭ ላድርግ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ «ዶንት ሴቭ» በሉ። ሰው ፋይሉን የሚገድለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

የአንዱ ወረዳ ስም በሙሉ ባዶ ከሆነ

የመጀመሪያው ፋይል ለሌሎቹ አርአያ ነው። እሱ ላይ ርዕሱ «ስም» ሆኖ የጫጫው «ሙሉ ስም» ካለ የጫጫ ገበሬዎች ስም አይመጣም። ሴሉ ላይ «ነል» የሚል ታያላችሁ። ከርዕሱ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ብትኖር እንኳን ሌላ ርዕስ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። «ሥራ» ውስጥ ያለውን የጫጫ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ። የርዕሱን መስመር አርአያ ከሆነው ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ተኩ፤ ግን የዓምዶቹ ቅደም ተከተል አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ሴቭ አድርጉና «ሪፍሬሽ» በሉ።

የመጨረሻው ዓምድ ከጠፋ

ይህ ድምፅ የማያሰማ ስህተት ነው። በስተግራ ካሉት ኩዌሪዎች «ትራንስፎርም ሳምፕል ፋይል» የሚለውን ጫኑ። በስተቀኝ «ሶርስ» የሚለውን እርምጃ ምረጡ። ከላይ ባለው የፎርሙላ መስመር ላይ «ኮለምንስ» የሚል ቃልና ከእኩል ምልክት በኋላ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 6። ይህ «ከ6 ዓምድ በላይ ያለውን ጣል» ማለት ነው። ቃሉን፣ ቁጥሩንና ተከትሎት ያለውን ኮማ አጥፉ። ኢንተር ጫኑ።

ፋይሎቹ የኤክሴል ከሆኑ

ሲኤስቪ ሳይሆን የኤክሴል ፋይል ከላኩላችሁ የሺቱ ስም በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት። አንዱ «ሺት1» ሌላው «ማዳበሪያ» ካለ ቁልፉ ከየትኛውም ረድፍ ጋር አልገጠመም የሚል መልእክት ይመጣል። ስሙን አንድ አድርጉ። ፋይሎቹም ሌላ መስኮት ላይ ተከፍተው አይቆዩ፤ ኤክሴል ሲከፍታቸው የሚፈጥረው ድብቅ ፋይል ሥራውን ያስቆማል።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ዓምድ ጽሑፍ አድርጉ

1. በስተቀኝ «አፕላይድ ስቴፕስ» የሚል ዝርዝር አለ። ከታች «ቼንጅድ ታይፕ» የሚል እርምጃ ካለ ከጎኑ ያለችውን የኤክስ ምልክት ጫኑና አጥፉት። እናንተ አልጠየቃችሁትም፤ ራሱ ነው የጨመረው።
2. ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ። ሁሉም ዓምድ ይመረጣል።
3. «ትራንስፎርም»፣ «ዳታ ታይፕ»፣ «ቴክስት» ምረጡ።

ይህን አትዝለሉ። ዓምዱ ቴክስት ካልሆነ «ሪፕሌስ ቫልዩስ» የሚሠራው ሙሉው ሴል ሲገጥም ብቻ ነው። በኋላ «ሐ»ን በ«ሀ» ስትተኩ ምንም ሳይቀየር ይቀርና ግራ ትጋባላችሁ።

ደረጃ 5፦ ስልክና ረጅም ቁጥር

አንዱ 0911 ብሎ ይጀምራል፣ አንዱ 911፣ አንዱ በ251። ሁሉንም አንድ ለማድረግ አጭር መንገድ አለ።

1. የስልኩን ዓምድ ምረጡ። «ሪፕሌስ ቫልዩስ» ገብታችሁ ክፍት ቦታን በባዶ ተኩ። ሰረዝንም እንደዚሁ።
2. ሁለት ስልክ በአንድ ሴል የተጻፈባቸውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ መሀላቸው ላይ የቀኝ ዘንበል ሰረዝ አለ። «ስፕሊት ኮለምን» አድርጋችሁ በሁለት ዓምድ ለዩአቸው።
3. «ትራንስፎርም»፣ «ኤክስትራክት»፣ «ላስት ካራክተርስ» ግቡና 9 ጻፉ።
4. «ትራንስፎርም»፣ «ፎርማት»፣ «አድ ፕሪፊክስ» ግቡና 0 ጻፉ።

አሁን ሁሉም 10 አሃዝ ነው፤ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ያልሆነ ካለ ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ወይም ባዶ ነበር። በቢጫ ቀለም ለይታችሁ ለላኪው መልሱ። ከራሳችሁ አሃዝ አትጨምሩ።

የፋይዳ ቁጥር ላይ ከስልክ የበለጠ ጠንቀቅ በሉ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ኤክሴል ቁጥር ብሎ ከተቀበለው የሚይዘው 15ቱን ብቻ ነው፤ 16ኛው ዜሮ ይሆናል። አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም። ዝርዝሩ ላይ የሁሉም ሰው ቁጥር በ0 ካለቀ ይሄ ደርሷል ማለት ነው። የጠፋው አሃዝ የትም የለም፤ ያለው መፍትሔ «ጥሬ» ውስጥ ያለውን ፋይል እንደገና በዚህ መንገድ ማስገባት ነው። ፋይሉ ሲላክም በ0 ካለቀ ካርዱን ካየው ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ስለሆነ አይቆረጥም። ግን በአጭሩ፣ መሀሉ ላይ ኢ እና መደመር ገብቶበት ይታያል። ዓምዱን በአስርዮሽ 0 ወዳለው የቁጥር ፎርማት ከቀየራችሁት ይመለሳል። በዚያ መልኩ እያለ ግን ሲኤስቪ አድርጋችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ አለቀ። ሲኤስቪ የሚይዘው የሚታየውን ነው፤ ከጀርባ ያለውን አይደለም።

ደረጃ 6፦ ቀን

ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ቀን ለመቀየር ግን ይሞክራል።

ኮምፒውተራችሁ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ነው እንበል። 05/03/2017 ብላችሁ ኅዳር 5ን ስትጽፉ ሜይ 3 ብሎ ይይዘዋል። 03/13/2016 ማለትም ጳጉሜን 3፣ ማርች 13 ይሆናል። 30/02/2017፣ ጥቅምት 30፣ ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ዓምዱን ተመልከቱ፦ አንዳንዱ ቀን ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። ወደ ቀኝ የተጠጋው በግምት የተቀየረው ነው።

ደረጃ 4ን በትክክል ከሠራችሁ ይህ አይደርስባችሁም። አሁን እንዲህ አድርጉ።

1. የቀኑን ዓምድ ምረጡ። «ስፕሊት ኮለምን»፣ «ባይ ዴሊሚተር» ግቡ። መለያው ዘንበል ያለው ሰረዝ ነው።
2. ሦስት ዓምድ ታገኛላችሁ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ ሰይሟቸው። ከዚህ በኋላ «ቼንጅድ ታይፕ» ከተጨመረ አጥፉት።
3. የወሩን ዓምድ ማጣሪያ ክፈቱ። ከ1 እስከ 13 ካልሆነ ስህተት አለ። የቀኑም ከ30 መብለጥ የለበትም። ወሩ 13 ከሆነ ደግሞ ከ6 አይበልጥም።

ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ማቆም ይበቃል። ሦስቱ ዓምዶች ለማጣራትም ለመደርደርም ይሆናሉ። የቀን ልዩነት ማስላት ወይም የፈረንጅ ቀን የሚጠይቅ ሪፖርት ካለባችሁ ግን ደረጃ 10 ላይ ወደ ሺቱ ስትመለሱ ይህን ፎርሙላ ጨምሩ፦

ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍሉና ክፍልፋዩን ጣሉ፤ «ኢንት» የሚለው ፎርሙላ ይጥልላችኋል። ወሩን በ30 አባዙ። ሦስቱንና ቀኑን ደምሩ። ከድምሩ ላይ 691194 ቀንሱ። የሴሉን ፎርማት «ዴት» አድርጉ።

ጥር 11 ቀን 2017ን እንሥራው። 2017 በ365 ሲባዛ 736205። 2017 ለ4 ሲካፈል 504። ጥር 5ኛ ወር ስለሆነ 5 በ30 ሲባዛ 150። ቀኑ 11። ድምር 736870። ከዚህ 691194 ሲቀነስ 45676። ሴሉን ወደ ቀን ስትቀይሩት ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ይላል። የጥምቀት ቀን ነው፤ ልክ ነው።

ለሁሉም ረድፍ ከማውረዳችሁ በፊት በሁለት ቀን ፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት። አንዱ እንኳን ካልገጠመ ቅንፋችሁን ወይም የዓምዱን ቅደም ተከተል እዩ።

ደረጃ 7፦ ስምና ቦታ

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ይህ ነው። አትቸኩሉ።

አንድ ሰው በአንዱ ዝርዝር «ኃይለማርያም»፣ በሌላው «ሀይለ ማርያም»፣ በሦስተኛው «ሐይለማሪያም» ሆኖ ይመጣል። ለኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው።

ዋናውን ስም አትቀይሩ። ሰው ስሙን እንደሰጠው ነው መታተም ያለበት፤ «ሥላሴ» ያለውን «ስላሴ» የማድረግ መብት የለንም። ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ፍጠሩ።

1. የስሙን ዓምድ ምረጡ። «አድ ኮለምን»፣ «ዱፕሊኬት ኮለምን» ጫኑ። አዲሱን «መለያ» በሉት። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ እዚህ ዓምድ ላይ ነው።
2. «ወ/ሮ»ን እና «ወ/ት»ን ቀጥሎ ካለው ክፍት ቦታ ጋር በባዶ ተኩ። «አቶ»ንም እንደዚሁ።
3. «ገ/»ን በ«ገብረ» ተኩ።
4. ክፍት ቦታን በሙሉ በባዶ ተኩ። ነጥብንም፣ ሁለት ነጥብንም። አንዳንድ ክፍት ቦታ አልጠፋ ካለ ከድረ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ኮፒ ተደርጎ የመጣ የተለየ ዓይነት ነው። እሱኑ ከሴሉ ውስጥ ኮፒ አድርጋችሁ «ቫልዩ ቱ ፋይንድ» ላይ ፔስት አድርጉ።
5. ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ አምጡ። ከ«ሐ» እስከ «ሖ» 7፣ ከ«ኀ» እስከ «ኆ» 7፣ ከ«ሠ» እስከ «ሦ» 7፣ ከ«ዐ» እስከ «ዖ» 7፣ ከ«ፀ» እስከ «ፆ» 7 ናቸው። «ሃ» እና «ኣ» ሲጨመሩ 37 ይሆናሉ። «ሓ»፣ «ኃ» እና «ሃ» ሁሉም «ሀ» ይሁኑ። «ዓ» እና «ኣ» ሁለቱም «አ»። ሌሎቹ በየራሳቸው ድምፅ ይግቡ፦ «ሥ» በ«ስ»፣ «ፅ» በ«ጽ»።
6. «ማሪያም»ን በ«ማርያም» ተኩ።

37 ጊዜ መተካት ያሰለቻል። ግን አንድ ጊዜ ነው። እርምጃዎቹ በስተቀኝ ባለው ዝርዝር ስለሚቀመጡ በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ ራሳቸው ይሠራሉ።

በግምት የማይሞሉ አሕጽሮቶች

«ሀ/ማርያም» ኃይለማርያም ነው ወይስ ሀብተማርያም? «ተ/ማርያም» ተክለማርያም ነው ወይስ ተስፋማርያም? «ወ/ማርያም» ለወንድ ወልደ፣ ለሴት ወለተ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በጅምላ አትተኩ። «መለያ» ዓምድ ላይ ዘንበል ያለ ሰረዝ የቀረባቸውን አጣሩና ዝርዝሩን ለላኪው ላኩ። ቀበሌ ላይ ያለው ሰው ሰውየውን ያውቀዋል፤ በደቂቃ ይመልስላችኋል።

«ፈዚ ማችንግ» የሚል ምርጫም አለ፤ ተቀራራቢ ጽሑፎችን ያገናኛል። ለአማርኛ ስም አልመክረውም። «ከበደ» እና «ከበበ» በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የቦታ ስም ላይ ደግሞ ዋናው መፍትሔ አለማመን ነው። መሐል ሜዳ ብቻ «መሀል ሜዳ»፣ «መሃል ሜዳ»፣ «መሐልሜዳ» ሆኖ ይመጣል። ጣርማ በር «ጠርማ በር» ይሆናል። ሰው የጻፈውን የወረዳ ዓምድ ተዉት። ፋይሎቹ ሲዋሃዱ «ሶርስ ኔም» የሚል ዓምድ ከግራ ተጨምሯል። ፋይሎቹን ደረጃ 1 ላይ በከተማው ስም ስለጠራችኋቸው ትክክለኛው ስም እዚያ አለ። ከመጨረሻው ላይ ነጥቡንና ቅጥያውን በ«ሪፕሌስ ቫልዩስ» አጥፉ። አለቀ።

ደረጃ 8፦ የተደገመ ስም

«ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» የሚለውን አትጫኑ። እለምናችኋለሁ።

1. «መለያ» እና ቀበሌ የሚሉትን ዓምዶች አብራችሁ ምረጡ።
2. «ሆም»፣ «ኪፕ ሮውስ»፣ «ኪፕ ዱፕሊኬትስ» ጫኑ። የተደገሙት ብቻ ይታያሉ።
3. አንድ በአንድ እዩአቸው። የአያት ስም፣ ስልክና የመሬት ስፋት አንድ ከሆነ አንድ ሰው ነው። አንዱ እንኳን ከተለየ ጠይቁ።
4. የትኛው እንደሚወጣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ «ኪፕት ዱፕሊኬትስ» የሚለውን እርምጃ አጥፉ። ሁሉም ረድፍ ይመለሳል። የሚወጡትን ብቻ በማጣሪያ አስወጡ።

በስልክ ብቻ አትለዩ። በገጠር አባት፣ ልጅና ጎረቤት በአንድ ስልክ ይመዘገባሉ። ሦስቱም ማዳበሪያ የሚገባቸው ናቸው።

ደረጃ 9፦ ኩንታልና ድምር

1. የኩንታሉን ዓምድ ምረጡ። «ኩንታል» እና «ኩ» የሚሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል በባዶ ተኩ።
2. «ዳታ ታይፕ»፣ «ዴሲማል ነምበር» አድርጉ።
3. «ሆም»፣ «ኪፕ ሮውስ»፣ «ኪፕ ኤረርስ» ጫኑ። ቁጥር መሆን ያልቻሉት ይታያሉ፦ «ግማሽ»፣ «፪»፣ «1 ተኩል»። ዓይታችሁ መዝግቡና እርምጃውን አጥፉ። ከዚያ ቁጥር 2 ላይ ከነበረው እርምጃ በፊት ተመልሳችሁ በ«ሪፕሌስ ቫልዩስ» አስተካክሉ።

«ሪሙቭ ኤረርስ» ግን አትንኩ። የሚያጠፋው ስህተቱን ሳይሆን ሙሉውን ረድፍ ነው።

አንዳንድ ረድፍ ላይ ስልኩ ቀበሌ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ካገኛችሁ ጸሐፊው 1.5 ለማለት 1,5 ብሎ ጽፏል። ኮማዋ ዓምዱን ለሁለት ከፍላዋለች። «ሥራ» ውስጥ ያለውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱና ያንን መስመር በነጥብ አስተካክሉ።

አሁን ወረቀቱን አውጡ። «ግሩፕ ባይ» ጫኑ። በ«ሶርስ ኔም» ሰብስቡ፤ የረድፍ ብዛትና የኩንታል ድምር ይውጣ። እነዋሪ 212 ይላል? ደነባ 187? በደረጃ 8 ያወጣችኋቸው ካሉ ቀንሳችሁ አነጻጽሩ። አንድ ረድፍ እንኳን ከጎደለ ወደፊት አትሂዱ።

ረድፉ ገጥሞ የአንዱ ወረዳ ኩንታል እጥፍ ከሆነ ከረጢት ቆጥረዋል ማለት ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ 2 ከረጢት 1 ኩንታል ነው። ደውላችሁ አረጋግጡና ለ2 አካፍሉ።

ስታበቁ የ«ግሩፕ ባይ»ን እርምጃ አጥፉ፤ ዝርዝሩ ይመለሳል።

ደረጃ 10፦ ማስቀመጥና መላክ

1. «ክሎዝ ኤንድ ሎድ» ጫኑ። ዝርዝሩ ሺት ላይ ይወጣል።
2. መጀመሪያ እንደ ኤክሴል ፋይል ሴቭ አድርጉ። ፋይሉን «ሥራ» ውስጥ አታስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ሪፍሬሽ ራሱን እንደ ስድስተኛ ወረዳ ሊያስገባ ይሞክራል።
3. ተቀባዩ ሲኤስቪ ከፈለገ «ሴቭ አዝ» ገብታችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ከሥሩ «ሲኤስቪ ኮማ ዴሊሚትድ» የሚል ሌላ አለ። የጥያቄ ምልክት የሚያመጣው እሱ ነው።
4. ከመላካችሁ በፊት የተቀመጠውን ሲኤስቪ በኖትፓድ ክፈቱ። ሦስት ነገር እዩ፦ ስሙ ይነበባል፣ ስልኩ በ0 ይጀምራል፣ የፋይዳው የመጨረሻ አሃዝ ከ«ጥሬ»ው ጋር አንድ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ፋይል አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት ነገ ቢልክ እንደገና አትጀምሩ። ፋይሉን ቁጠሩ፣ ስሙን አስተካክሉ፣ «ሥራ» ውስጥ ጣሉት። «ዳታ» ገብታችሁ «ሪፍሬሽ ኦል» ጫኑ። ወረቀቱ ላይ 900 የነበረውን ሰርዙና አዲሱን ድምር ጻፉ።